ለባዶ መንገድ ፍሬቻ

ሜርቭ ዳንስታን ከድንጋይ ካባው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። አንድ ጫማው ወልቆ ብቻውን ራቅ ብሎ ወድቋል። አፋፉ ላይ፣ ልክ ከበላዩ፣ ልግዛት ልተዋት እያለ ሲያመነታባት የሰነበተው ሰማያዊ የጀርመን መኪና ቁልፏ እንደተሰካ ቆማለች። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው የፍጥነት መኪና ናት። አሮጌ አይደለችም፤ ያገለገለች እንጂ።

መርማሪ ሳጅን ሎሬይን ካቫና ከትልቁ ከተማ ተጠርታ ስትደርስ ፀሐይዋ መክረር ጀምራ ነበር። ሃምሳን የተሻገረች፣ ወፍራም ጫማ የማትለያት፣ አንድ ጊዜ የያዘችውን ነገር በልመናም በቁጣም የማትለቅ ሴት ናት። የትንሿ የዋንጋሊን ከተማ ፖሊስ ኮንስታብል ፒንደር ባርኔጣውን እያራገበ ተቀበላት።

«ግልጽ ነው እኮ ሳጅን። ወንድ ልጁን መኪና ገጭቶበት ካመለጠ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሰው አልሆነም። ቅዳሜ ጠዋት ከሴት ልጁ ጋር ተጣላ፣ ወደዚህ ነዳ፣ ዘለለ። አለቀ።»

«ያለቀው ላንተ ነው» አለችው።

መኪናዋን ዞረቻት። ቅዳሜ ጠዋት ከምዕራብ የተነሳው ቀይ አቧራ ከተማውን እንዳለ ቀብቶት ነበር፤ ጣሪያውም፣ ኮፈኑም፣ መስኮቱም ቀይ ነው። የፊት መስተዋቱ ላይ ግን የዝናብ መጥረጊያው የሄደበት ቦታ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ሆኖ ይታያል።

«ፒንደር፣ ቅዳሜ እዚህ ዘንቦ ነበር እንዴ?»

«ዝናብ? ሚስቴ ዝናብ ምን እንደሚመስል ለልጃችን በስልክ ነው የምታሳየው።»

«ታዲያ ይሄን ማን ጠረገው?»

«አቧራው ከልክሎት ይሆናላ፤ እንዲታየው ብሎ።»

«ውሃ ሳይረጭ? ደረቅ አቧራ በደረቅ ጎማ የሚፈትግ ሹፌር የለም፤ መስተዋቱን ይጭረዋል። ደግሞ አንዴ ብቻ ነው የሄደው። ሊያጸዳ ያሰበ ሰው ደጋግሞ ይጠርጋል። አንዴ ነክቶ ወዲያው የሚያጠፋው በስህተት የነካ ሰው ነው።»

ፒንደር መስተዋቱን አየ፤ እሷን አየ፤ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም የሰጠውም መልስ ነገሩን አልዘጋውም። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል፤ ሲወድቅም ሊሆን ይችላል፣ ከመውደቁ በፊትም። «እንዳትጨቀጭቂኝ» አላት፤ ያውቃታል።

የሟቹ ልጅ ብሮንዊን በአባቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር። መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ሠላሳዎቹን የጀመረች ሴት ናት። ሎሬይን ወንበር ሳትስብ ገና፣

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

ፒንደር ካቴናውን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሎሬይን በዓይኗ መለሰችው።

«በምን?»

«በአፌ።»

ቀና ሳትል ቀጠለች። «አባቴና ወንድሜ ካሉም አሮጌ መኪና አብረው ሊያድሱ ነበር ህልማቸው። እዚህ አገር የተሠራች፣ እንደ ጓደኛው እንደ ቪንስ መኪና ዓይነት። ካሉም ሞተ። አባቴ ከአውቶብስ ሹፌርነቱ ጡረታ ሲወጣ ያንን ነገር እንደገና አነሳው። ‹ዕድሜዬን ሙሉ አርባ ልጅ ጭኜ ነዳሁ፤ አሁን ሁለት ወንበር ይበቃኛል› ይላል እየሳቀ። ጥርስ ሐኪሙ ዲሚትሪ የጀርመን መኪናውን ሊሸጥ ሲነሳ ደስ አለኝ። እሷን ግዛ፣ ፍሬን አላት፣ ስትገጭ የሚነፋ ከረጢት አላት አልኩት። እሱ ግን ‹ካሉም አሮጌዋን ነበር የሚወደው› ይለኛል። ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ቆሜ...» ጠረጴዛውን አጥብቃ ያዘች። «ከሞተ ልጅ ጋር መኖር ከፈለግህ ሂድና አጠገቡ ተኛ አልኩት። ሄዶ ተኛ።»

የፍሪጁ ሞተር ብቻ ያጉረመርማል።

«ፎቶውንም አውርዶታል» አለች በአገጯ እያሳየች። የካሉም የትምህርት ቤት ፎቶ፣ ጥርሱ ሁሉ የሚስቅ፣ ከፍሪጁ አጠገብ መደርደሪያው ላይ ተጋድሟል። «ሊሰናበተው ነው ያወረደው። ምንም ብትሉኝ ይሄን አይቻለሁ።»

ሎሬይን ተነስታ ፍሪጁ ፊት ቆመች። የመብራት ቢል፣ የመኪና ማኅበሩ ቀን መቁጠሪያ፣ የፒዛ ቤት ስልክ፤ ሁሉም በየማግኔታቸው ተለጥፈዋል። መሀል ላይ ባዶ ቦታ አለ።

«ፎቶውን የያዘው ማግኔት የታለ?»

ብሮንዊን ቀና አለች። «አናናስ ነበር። ኩዊንስላንድ ለእረፍት ሄደን ካሉም የመረጠው። እነዚህ ሌሎቹ ወረቀት እንኳ በቅጡ አይዙም፤ ያኛው ግን በሩን ብትደበድቢው ንቅንቅ አይልም።»

«ኪሱ ውስጥ አልነበረም፣ ፒንደር?»

«መሐረብና የቤት ቁልፍ ብቻ።»

ሎሬይን ፎቶውን አንስታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። «ስሚኝ ልጄ። ሊሰናበት ያወረደ ሰው ፎቶውን ነው ይዞ የሚሄደው። አባትሽ ፎቶውን ትቶ ማግኔቱን ነው የወሰደው። ሊሞት የሚሄድ ሰው ማግኔት ምን ያደርግለታል? ይሄን እስካላወቅሁ ድረስ ወረቀቱ ላይ ‹ራሱን› የሚል ቃል አይጻፍም። አንቺም እስከዚያ ራስሽን አትስቀዪ።»

ዲሚትሪ ቫርዳስ የከተማው ጥርስ ሐኪም ነው፤ ከሜልበርን መጥቶ የቀረ። በሁለት ታካሚ መሀል በረንዳው ላይ ወጥቶ አነጋገራቸው።

«ቁልፉን ሰጥቼው ነበር። ቅዳሜና እሑድን ንዳት፣ ከዚያ ወስን ብዬ።»

«መጀመሪያ ሊያያት ሲመጣ ማግኔት ይዞ ነበር?»

ሐኪሙ ሳይወድ ሳቀ። «እሷ ላይ? ኮፈኗም በሯም አልሙኒየም ነው ሳጅን። ማግኔት አይነካትም። ማግኔት ለአሮጌ ቆርቆሮ ነው። ሰው የተበሳውን የተጨረመተውን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይደፋበታል፤ ማግኔት ስቱኮ ላይ አይይዝም፣ ዱብ ይላል። እዚህ አገር አሮጌ መኪና ሊያይ የሚሄድ ሽማግሌ ሁሉ መጀመሪያ የሚስቱን ፍሪጅ ዘርፎ ነው የሚሄደው።»

«የዝናብ መጥረጊያዋስ? ችግር አለበት?»

«ችግሩ ሰው ላይ ነው። የጀርመን መኪና ፍሬቻው በግራ እጅ ነው። እዚህ የተሠሩትና የጃፓኖቹ በቀኝ። ሰው ሊታጠፍ ሲል በልማዱ ቀኙን ይነካል፣ በጠራራ ፀሐይ መስተዋት ይጠረጋል። ስንቱ ላይ ስቄያለሁ!»

«ሜርቭ ላይም?»

«እሱ ላይ አልሳቅኩም። ያ ሁሉ ዓመት የነዳው አውቶብስ የጀርመን ነበር እኮ። ግራ እጁ ከእኔ ይፈጥናል።» ፊቱ ወዲያው ጠቆረ። ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ተወው። «ብሮንዊን እንዴት ሆነች?»

«መልስ እየጠበቀች ነው» አለችው ሎሬይን።

ቪንስ ኮሪጋን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ግጦሹ ጫፍ ላይ ይኖራል። የአሮጌ መኪና ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የሜርቭም የልጅነት ጓደኛ ነው። መኪናቸው ግቢው ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

«ፒንደር! ስትታጠፍ ፍሬቻ አላሳየህም። ፖሊስ ሆነህ!»

«መንገዱ ላይ አንድ በግ እንኳ የለም ቪንስ።»

«ፍሬቻ ለበግ አይደለም፣ ለራስህ ነው።»

ሎሬይን «አቶ ኮሪጋን» ብላ ስትጀምር አቋረጣት። «ቪንስ በይኝ። አቶ አባቴ ነበር።»

ሚስቱ ግሌኒስ ሻይና ብስኩት አቀረበችና ልብስ ላሰጣ ብላ ወጣች። ቪንስ ስለ ሟቹ ሲያወራ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የካሉምን ሬሳ ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ አሁን ደግሞ የአባትየውን ሊሸከም ነው።

«መኪናህን ሽጥልኝ ብሎህ ነበር?»

«አሥር ጊዜ። አይሸጥም አልኩት። ማርሿ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ለማኅበሩ ሰልፍ እንኳ አላወጣኋትም። የጀርመኗን ውሰድ ነው ያልኩት። አሮጌ መኪና ራስ ምታት ነው።»

ፒንደርን ብስኩቱ አነቀውና ሳል ጀመረው። «አንተ ነህ ይሄን የምትለው? እኔ የኮሪያ መኪና የገዛሁ ጊዜ ሁለት ሳምንት ኩርፊያ ይዘህ አላናገርከኝም እኮ!»

«አንተና ሜርቭ አንድ ናችሁ እንዴ? እሱ ሐዘንተኛ ነው። ሐዘንተኛ ሰው መፍቻ ይዞ መኪና ሥር ሲተኛ አይውልም።»

«ቅዳሜ እዚህ መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም። ገበያ ወጥቼ ተመለስኩ፣ ማንም የለም። ከዚያ በፊት ነው ያየሁት።»

«መኪናዋን ልያት?»

«አቧራ ይገባባታል። ሌላ ቀን።»

ሎሬይን አልተከራከረችም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የቆርቆሮ መጋዘኑ በሩ ተዘግቷል፤ ከጀርባው ግጦሹ ተዘርግቶ፣ ከግጦሹ ማዶ የካባው ነጭ አፋፍ ይታያል። እግረኛ ላብ ሳያልበው የሚደርስበት ነው። ጽዋዋን አስቀምጣ ግሌኒስ ወዳለችበት ወጣች።

ግሌኒስ አንሶላውን እየዘረጋች ከጀርባው ተከለለች።

«እህቴ፣ ቪንስ እንዳይሰማ። ሜርቭን እኔ ነኝ ና ያልኩት። ያቺ መኪና እዚያ ተሸፋፍና እንደ ሬሳ ተጋድማ ሰለቸችኝ። ቅዳሜ እኔ እህቴ ጋ ነኝ፣ ቪንስም ገበያ ነው፣ ና እያት፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ከቀለም ጣሳው ሥር ነው አልኩት። ከወደድካት ቪንስን እኔ አሳምነዋለሁ አልኩት። ይምጣ አይምጣ አላወቅሁም።»

«ምን አለሽ?»

«ሳቀ። ‹ስቱኮ ብቻ ሆና ባገኛት በወደድኩ፤ ሳልቆጭ እተዋት ነበር› አለኝ።» አንሶላውን በእጇ ጨበጠችው። «ሳጅን፣ ክፉ ነገር አድርጌያለሁ እንዴ?»

ሎሬይን የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ይዛ አብራት አሰጣች።

በዚያው ቀን የፍርድ ቤት የፍተሻ ፈቃድ አስወጣች፤ የካሉምንም የአደጋ መዝገብ አስመጣች። ልጁ ከኳስ ልምምድ ሲመለስ ከአስፋልቱ ግራ ጠርዝ ነበር የተገጨው። አጠገቡ የብርቱካን ቀለም ያለው የፍሬቻ ሽፋን ስባሪ ተገኝቷል፤ ከአሮጌ መኪና የወጣ። ስባሪውን ለአባትየው አሳይተውት ነበር። ከዚያ በላይ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ቪንስ ግቢ ሰበሰበቻቸው። የጀርመኗን መኪና በጭነት መኪና አስመጥታ ግቢው ውስጥ ከበሩ ፊት አቁማታለች። የጣት አሻራውም ሌላውም ከተነሳላት በኋላ ነው፤ መሪዋን የያዘው ሰው በጨርቅ ወልውሎ ነበርና ምንም አልተገኘባትም።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ» አለች። «በየተራ ግቡና በበሩ ወጥታችሁ ወደ ቀኝ ታጠፉ። እንደ ዘወትራችሁ።»

ዲሚትሪ ገባ። በሩ ጋ ሲደርስ ግራ እጁ ብድግ አለ፤ ፍሬቻው ብልጭ ብልጭ አለ። ብሮንዊን ከተማ ውስጥ የምትነዳው ትንሽ የፈረንሳይ መኪና ነው፤ እሷም በግራ እጇ ፍሬቻውን አበራች። ግሌኒስ መንጃ ፈቃድ የላትም።

«አንተስ ቪንስ?»

«የልጅ ጨዋታ ነው እንዴ ይሄ? ጓደኛዬ ገና አልተቀበረም!»

«ወጣ ብሎ መታጠፍ ነው።»

እየተነጫነጨ ገባ፤ የመኪናዋን በር በኃይል ዘጋው። መንገዱ ግራም ቀኝም ባዶ ነበር። በሩ ጋ ደርሶ በቀኝ እጁ ነካ ሲያደርግ መጥረጊያው ተነሳና ደረቁን መስተዋት ፋቀው። ቪንስ ደነገጠ፤ ሊያጠፋው ሲል ይባስ አፈጠነው። ትቶት ወረደ። መጥረጊያው ከጀርባው ክርር፣ ክርር ማለቱን ቀጠለ።

«ያገሩ ግማሽ እንዲህ ነው የሚያደርገው!» ብሎ ጮኸ።

«ልክ ነህ» አለች ሎሬይን። «ስለዚህ ይሄ ብቻውን አንተ መሆንህን አይነግረኝም። ሜርቭ አለመሆኑን ግን ነግሮኛል። አቧራው የወደቀው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ መጥረጊያው አቧራው ላይ ሄዷል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የነዳት ሰው ፍሬቻ መስሎት ቀኙን ነክቷል። ሜርቭ ዕድሜ ልኩን ፍሬቻ ያሳየው በግራ እጁ ነው። ዲሚትሪም በግራ፣ ብሮንዊንም በግራ። ወደ ካባው የነዳት እጁ እዚህ አገር መኪና ላይ ያደገ ሰው ነው።»

«እና?»

«እና ማግኔቱ። ሜርቭ የልጁን ፎቶ የያዘውን ማግኔት ከፍሪጁ ነቅሎ ወጣ። ለጀርመኗ እንዳይባል ማግኔት አይነካትም። አሮጌ ቆርቆሮ ሊያይ ነው የወጣው። በዚህ ከተማ ና እያት የተባለላት ደግሞ አንዲት አሮጌ መኪና ብቻ ናት።»

ቪንስ ወደ ሚስቱ ዞረ። ግሌኒስ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«አንተ ደግሞ ቅዳሜ አልመጣም አልከኝ። የኮሪያ መኪና የገዛ ሰው የምታኮርፍ ሰውዬ፣ የልጅነት ጓደኛህን ከአሮጌ መኪና ልታርቀው ላይ ታች ብለሃል። ለምን? ይሄን መኪናዋ ትናገር።»

ፒንደር የመጋዘኑን በር ከፈተው። ሎሬይን ጓንት አድርጋ ሽፋኑን ከግራ በኩል ገፈፈችው። ነጣ ያለ ክሬም ቀለም የተቀባች፣ ረጅም ኮፈን ያላት ውብ መኪና ናት። ግራ ፓራፋንጎው ላይ፣ ከጎማው ከፍ ብሎ፣ ጣት የምታክል ቢጫ አናናስ ተለጥፋለች።

ብሮንዊን ድምፅ አወጣች፤ ቃል ግን አልነበረም።

ሎሬይን ማግኔቱን አላቀቀችና አንድ መዳፍ ወደ ፊት አስጠግታ ለቀቀችው። ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ጮኸ። አንስታ ደገመችው፤ ወደቀ። በቀኝ በኩል ዞራ እዚያው ቦታ ላይ አደረገችው፤ ያዘ።

«ቀኙ ቆርቆሮ ነው፤ ግራው ስቱኮ። የቀኙ ፍሬቻ ሽፋን ፀሐይ በልቶት ደብዝዟል፤ የግራው አዲስ ነው። ሜርቭ ካሉም አጠገብ የተገኘውን የፍሬቻ ስባሪ ቀለም በእንቅልፉም ያውቀዋል። ከመኪናዋ ሊለየው የሚችል ስቱኮ ፈልጎ መጣ፤ ልጁን የገጨችውን መኪና አገኘ።»

ቪንስ የቀለም ጣሳዎቹ መሀል ተቀመጠ። መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«መሽቶ ነበር። ቢራ ቀምሼ ነበር። ካንጋሮ መሰለኝ... አይ፣ አልመሰለኝም። ቅዳሜ ከገበያ ቶሎ ስመለስ ሜርቭ እዚህ ቆሟል። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ‹ቪንስ፣ ሬሳ ሳጥኑን በየትኛው በኩል ነበር የያዝከው?› አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ዞሮ ሊወጣ ሲል የጎማ መፍቻው እጄ ላይ ነበር።»

«ከዚያ በመጣባት መኪና አጠገብህ አስቀመጥከው» አለች ሎሬይን። «የሞተ ጓደኛህን ቀበቶ አስረህ፣ ሰው በሌለበት መንገድ ነድተህ፣ ወደ ካባው ስትታጠፍ ፍሬቻ ልታሳይ እጅህን ዘረጋህ። ከአፋፉ ጣልከው፣ መሪዋን ወለወልክ፣ በእግርህ በግጦሹ ተመልሰህ መጣህ፣ ያንተንም መኪና ግራዋን ሳታይ ከቀኝ በኩል ሽፋኑን ወርውረህ አለበስካት። ለባዶ መንገድ ፍሬቻ ታሳያለህ። ለካሉም ግን ፍሬን እንኳ አልያዝክም።»

ፒንደር ካቴናውን አወጣ። ግሌኒስ መሬቱ ላይ ተቀምጣ፣ «ቁልፉን እኔ ነኝ የነገርኩት፣ ቁልፉን እኔ ነኝ» እያለች ነበር። ሎሬይን ጎንበስ ብላ ክንዷን ያዘቻት። ሌላ የምታደርግላት ነገር አልነበራትም።

ውጭ ብሮንዊን ሰማያዊዋ መኪና አጠገብ ብቻዋን ቆማለች። ዲሚትሪ ቀስ ብሎ ቀረባት።

«አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። መኪናዬን ልሸጥ የመጣሁ ይመስላል ብዬ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት አባትሽ ደውሎልኝ ነበር።»

«ከተጣላን በኋላ?»

«በኋላ። ‹የጀርመኗን እወስዳለሁ፣ መጀመሪያ ግን አንዷን አሮጌ ልሰናበታት› አለኝ።»

«ተቆጥቶብኝ ነበር?»

«እየሳቀ ነበር። ‹ሁለት ወንበር ነው ያላት፤ አንዱ የብሮንዊን ነው፤ ከኋላ ሆና ከምትጨቀጭቀኝ አጠገቤ ትጨቅጭቀኝ› ነው ያለኝ።»

ብሮንዊን የተሳፋሪውን ወንበር በመስኮቱ አየችው። አባቷ በመጨረሻ የተቀመጠበት እሱ ላይ እንደሆነ አሁን ታውቃለች። በሩን ልትከፍት እጇን ሰደደች፤ አልቻለችም። መጥረጊያው አሁንም ደረቁን መስተዋት ይፍቃል። በሹፌሩ በኩል ዞራ እጇን በተከፈተው መስኮት አስገባችና አጠፋችው።